ባለቤቴን የወሰደ ሕመም ያለበት ሰው ለትዳር ጠየቀኝ፤ እንደገና መውደድ ያዋጣል?

የአዳማዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ ቤት ውስጥ ማንሣት ስላልቻልኩ ነው እዚህ የምጽፈው። እናቴ ገና ሳልጨርስ «እሱ ያውቃል» ብላ ትነሣለች፣ እህቴ ደግሞ ማልቀስ ትጀምራለች።

ባለቤቴ የሞተው በኩላሊት ሕመም ነው። ዲያሊሲስ የሚያደርግ ሰው ቤታችሁ የነበረ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሳምንት ሁለቴ፣ ገንዘብ ሲገኝ ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት ደም የሚያጣራ ማሽን ላይ መተኛት ነው። በቀሩት ቀናት ውኃ እንኳ በልክ ነው የሚጠጣው። ባለቤቴ ቡና ወዳድ ነበር፤ በመጨረሻው ጊዜ ግማሽ ስኒ ብቻ ነበር የምቀዳለት፣ ጥሙ ሲብስበት በረዶ ይመጥ ነበር። ድንቹን ሁለት ጊዜ ቀቅዬ ውኃውን እየደፋሁ ነበር የምሠራለት። ሙዝና አቮካዶ ከቤታችን ወጡ። ክንዱ ላይ ለማሽኑ ተብሎ ደም ሥሮቹ የተገናኙበት ቦታ፣ ፊስቱላ የሚሉት፣ እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል። ንዝረቱ ካለ ደሙ በደንብ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሌሊት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው እጄን እዚያ ላይ ማሳረፍ ነበር። ካለፈ በኋላም እጄ በእንቅልፍ ልቤ ይፈልገዋል።

ንቅለ ተከላው አልሆነለትም። ያኔ በአገራችን ኩላሊት የሚሰጠው የቅርብ ዘመድ ነበር። ወንድሙ ልስጥ ብሎ ተነሥቶ ሲመረመር የእሱንም ኩላሊት የደም ግፊት እንደጎዳው ተነገረው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። ልጃችን አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዲያሊሲስ ክፍሉ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ የተዋወቅነው ሰው አለ። እሱም ታካሚ ነበር። እህቱ ኩላሊቷን ሰጥታው ንቅለ ተከላ ተደረገለት፤ ዛሬ ሥራውን ይሠራል፣ ደህና ነው። ባለቤቴ ሲያርፍ ከቀብሩ ጀምሮ ሰልስቱንም፣ አርባውንም፣ ተዝካሩንም ሳይቀር የመጣ ሰው ነው። አሁን ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔም እወደዋለሁ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ግን የተተከለ ኩላሊት እስከ መጨረሻው እንደማይዘልቅ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያን አግዳሚ እንደገና ልቀመጥበት? ያን ማሽን እንደገና ልየው? ልጄስ ሁለተኛ አባት ይቅበር? ሰው እያየ፣ እያወቀ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል? ያለፈባችሁ ሰዎች ንገሩኝ። ያዋጣል?


መልካም_ዜና
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡41

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ፣ የባለቤትሽን ነፍስ ይማር። የምመክርሽ የለኝም፤ ግን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሌሎች የሚጽፉትን እከታተላለሁ።


ቀጥታ_ልናገር
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሐዘንሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሌላው የማይልሽን እኔ ልበልሽ። ይህ ሰው ታማሚ ነው። ባልሽን እስከ መጨረሻዋ ቀን እንዴት አድርገሽ እንዳስታመምሽው እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አይቷል። አሁን ላግባሽ ይላል። የሚፈልገው ሚስት ነው ወይስ አስታማሚ? አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ጤነኛ ወንድ አልጠፋም። የጥቂት ዓመት ደስታ ብለሽ ሁለተኛ ሐዘን ቤትሽ አታስገቢ። ልጁም አለ። አንድ አባት ለቀበረ ልጅ ሌላ አባት ሰጥተሽ መልሰሽ ልትነጥቂው ነው። እህቴ ብትሆኚ ኖሮ ሽማግሌው ደጅ ሳይደርስ እኔ ራሴ እመልሰው ነበር። ለክፋት እንዳልሆነ እወቂልኝ።


የአዳማዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

ቀጥታ_ልናገር፣ ክፋት እንደሌለበት ገብቶኛል፤ ያልከውን እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ። ስለ ትዳር አንድ ቃል ሳይተነፍስ በፊት የክትትል ወረቀቶቹን በሙሉ በፌስታል አድርጎ አምጥቶ ሰጠኝ። ክሬአቲኒኑ፣ ኩላሊቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ በየቀጠሮው ስንት እንደነበር፣ የትኛው መድኃኒት መቼ እንደተጨመረና እንደተቀነሰ፣ አንድ ጊዜ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት አልቀበልም ብሎ ተኝቶ እንደታከመ ሁሉም አለበት። «አንቺ ይህን ከእኔ በላይ ታነቢዋለሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለኝ። አስታማሚ የሚፈልግ ሰው ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አስቀድሞ አያስነብብም። መድኃኒቱንም ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ስልኩ ሲጠራ ራሱ ነው የሚውጠው፤ አስታውሱኝ ብሎ አያውቅም።

ስለ ልጄ ያልከው ግን ልቤን ወግቶኛል። የምፈራው እሱን ነው።


ነርስ_ሐ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ከሌሊት ተረኛነት ወጥቼ ነው የምጽፈው። የምሠራው የኩላሊት ክፍል ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ የማውቀውን ላስቀምጥልሽ፤ ፍርሃትሽ ቢያንስ ትክክለኛ መጠኑን ይያዝ።

በጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠርቶላቸው ወደ ሥራቸው የተመለሱ፣ ያገቡ፣ የወለዱ ሰዎች አሉ። ከሕያው ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። አማካይ ነው ያልኩሽ፤ በአጭሩ የሚቆም አለ፣ ከዚያ አልፎ የሚሄድም አለ። ችግር በብዛት የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ እሱ ያንን ያለፈ ይመስለኛል። ደግሞም ኩላሊቱ ደከመ ማለት ሰውየው አለቀለት ማለት አይደለም። ወደ ዲያሊሲስ መመለስ አለ፣ ለጋሽ ከተገኘ ሁለተኛ ንቅለ ተከላም አለ። ባለቤትሽ ላይ ያየሽው መጨረሻ የሁሉም መጨረሻ አይደለም።

የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ ብለው የመከላከል አቅሙን ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ በጋራ ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ። ጥሬ ሥጋ አይገባም፣ ለብ ለብ ክትፎም ቢሆን፤ ወተት ሳይፈላ አይጠጣም። ግሬፕፍሩት ከታክሮሊመስ ጋር አይስማማም። ቤት ውስጥ ሳሉ የማይለቀው ሰው ካለ ቶሎ ይመርመር፣ ቲቢ በእነሱ ላይ ይከፋል። ትኩሳት ከያዘው «ይተወኛል» ተብሎ ሌሊት አይታደርም፣ ወዲያው ነው መሄድ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የምታውቂውን ነገር መፍራትና የማታውቂውን መፍራት አንድ ስላልሆኑ ነው።

ከሥራዬ ወጣ ብዬ ልናገርና፣ ብቻውን የሚመጣ ታካሚና ሰው አብሮት የሚመጣ ታካሚ ይለያሉ። ብቻውን የሚመጣው ጥሩ የላቦራቶሪ ውጤት ሲነገረው ቀና ብሎ የሚያየው ሰው የለውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ ይሄዳል።

አንቺስ? የደም ግፊትሽን መቼ ነው የተለካሽው? አስታማሚዎች ከታማሚው በኋላ ሲወድቁ አይቻለሁ። ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ሄደሽ ታዪ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እኔ በሌላው በኩል ያለሁ ሰው ነኝ፤ የእኔም ይሰማ።

ባለቤቴን በጡት ካንሰር ካጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሁለት ሴት ልጆቻችንን ይዤ እዚሁ ሜሪላንድ ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር አንድ የሚያስተዋውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ አገር ቤት ስሄድማ ዘመዶቼ ተራ ገብተው ይጠብቁኛል። እምቢ ብያለሁ፣ አሁንም እምቢ እላለሁ፣ አልጸጸትምም። ልጆቼን ሹሩባ መሥራት ከጎረቤቴ ከኤርትራዊቷ እናት ተማርኩ፤ እሑድ ጠዋት ሁለቱን ሶፋው ሥር አስቀምጬ እየተንጫጩብኝ ስሠራ የጎደለኝ ነገር አልነበረም። እሷ እዚያው ከእኛ ጋር ነበረች ማለት እችላለሁ። ሰው አንድ ጊዜ ወድዶ «በቃኝ» ቢል ፈሪ ነው አትበሉት። ያም መውደድ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ብቸኝነትን ፈርተሽ እንዳታገቢ። «ወጣት ነሽ» የሚሉሽን ሰምተሽም እንዳታገቢ። እኔ ያላገባሁት ሐዘንን ሸሽቼ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስላልወደድኩ ነው። አንቺ ግን እወደዋለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ያ ጉዳዩን ከእኔ ጉዳይ ይለየዋል።

ደግሞ «ያዋጣል ወይ» ላልሽው፣ እሷን ጭራሽ ባላውቃት ይሻልህ ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት፣ ሞርፊኑን፣ ፀጉሯ ትራሱ ላይ የቀረበትን ጠዋት ሁሉ ጨምሬ እንደገና እቀበለዋለሁ። ያለ ምንም ማመንታት።


የእናቱ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ስለ ልጁ የተጻፈውን አንብቤ ነው የገባሁት፤ ያ ልጅ እኔ ነኝና።

አባቴ የሞተው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ቆንጆ ነበረች፣ ጠያቂ አላጣችም። በተለይ አንድ መምህር ነበር። ክረምት ላይ ጣራችን ሲያፈስ መጥቶ ቆርቆሮውን የመታልን፣ ለእኔ ሒሳብ የሚያስረዳኝ ሰው ነው። ሽማግሌ ላከ። እናቴ «ልጆቼን በእንጀራ አባት አላሳድግም» ብላ መለሰቻቸው። እኛን ማንም አልጠየቀንም። ቢጠይቁኝ እሺ ነበር የምለው፣ እወደው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ «ለእናንተ ስል» የሚል ነገር ተተከለ። ስናጠፋ ይነሣል፣ ስንመረቅ ይነሣል። ዛሬ ወንድሜ ካናዳ ነው፣ እኔ ሐዋሳ እሠራለሁ፣ እናቴ ብቻዋን ናት። ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ነው የምትተኛው፣ የሰው ድምፅ እንዲኖር። መምህሩ በኋላ ሌላ አግብቶ ወልዷል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲገናኙ ቆም ብሎ ሰላም ይላታል፤ አብሬያት ሆኜ አይቻለሁ፣ እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ያን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

እህቴ፣ ይህን ዕዳ በልጅሽ ላይ አትጫኚበት። እምቢ ማለት ከፈለግሽ በራስሽ ስም በዪ። «ለልጄ ስል» ብለሽ ከተውሽው ልጁ ሲያድግ የሚከፍለውን አያጣም፣ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍለው ግን አያውቅም። ሁለተኛ አባት ይቀብራል ብለሽ ነው የምትፈሪው፤ እኔ ደግሞ አባትም ሳይኖረኝ የእናቴን ብቸኝነት በየቀኑ በስልክ አደምጣለሁ። ልጅሽ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚወደድ በዘጠኝ ዓመቱ ያወቀ ልጅ ነው። የምታስቢውን ያህል ደካማ አይመስለኝም። ጠይቂው።


ታሪክ_ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

የሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ የምፈራው ለሰውየው ነው። ሙት ባልን እያሰቡ ሕያውን ማግባት ሕያውን ይጎዳል። አጼ ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሲያርፉ ሐዘናቸው ልክ አልነበረውም፤ አስከሬናቸውን እንኳ ከሠራዊቱ ጋር ይዘው ይጓዙ ነበር። ቆይተው የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ዓለማየሁን ቢወልዱም ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። አንዲት ሴት ከሙት ጋር ተወዳድራ እንዴት ታሸንፋለች? ሙት አይሳሳትም፣ አያኮርፍም። እህቴ፣ ይህ ሰው ቡና ሲጠጣ ባየሽው ቁጥር ግማሽ ስኒውን የምታስታውሺ ከሆነ እሱን በድለሽዋል።


ደረስጌ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

ታሪክ_ወዳድ፣ ታሪኩን ሙሉውን እናንሣው እንጂ። ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ተሸንፈው ታስረዋል። ጥሩወርቅ የተዳረችው አባቷን ላሰረ ሰው ነው፤ አባቷም እስር ላይ እንዳሉ ነው ያረፉት። ያን ትዳር የተዋበች ትዝታ ነው ያበላሸው ማለት ጥሩወርቅን መበደል ነው። የተዋበች ነገር ባይኖር ኖሮም አባቷን ያሰረባት ሰው ጋር በደስታ ትኖር ነበር ወይ? እዚህ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። ሁለቱም ፈቅደው፣ አንዱ የሌላውን ሙት ቀብሮ፣ ለቅሶ ደርሶ ነው የተዋወቁት። እሱ ባለቤቷን ያውቀዋል፤ ስሙን ቤት ውስጥ ለማንሣት የሚያስፈራ ነገር የለም።


የደሴ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አሰላሙ ዐለይኩም። የምጽፈው ከሪያድ ነው፣ እመቤቶቼ ሳይነሡ።

እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ፣ ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ብታገባ ማንም አይነቅፋትም። የኡሙ ሰለማን ታሪክ ላስታውስሽ። ባሏ አቡ ሰለማ በኡሑድ ጦርነት ላይ የቆሰለው ቁስል አገርሽቶበት ሞተ። በጣም ትወደው ስለነበር አላህ የተሻለ እንዲተካላት የሚለመንበትን ዱዓ ስታደርግ እንኳ «ከአቡ ሰለማ የሚሻል ደግሞ ማን አለ?» ብላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለትዳር ሲጠይቋት ወዲያው እሺ አላለችም። ቅናተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል፣ ልጆችም አሉኝ አለች። አንቺ እንዳነሣሽው ሁሉ እሷም ልጆቿን አነሣች፤ እሳቸውም ልጆችሽ ልጆቼ ናቸው አሏት። የሞተውን ሳትረሳ ነው ያገባችው፤ ለአቡ ሰለማ የነበራት ፍቅር ዛሬም ከእሷው አንደበት ነው የሚተላለፈው።

የእኔ ባል፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ፤ ግን ከዓመት ዓመት በስልክ ብቻ ነው የማገኘው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ፊቱ ይቆማል፣ እጠብቃለሁ። አንድ ማዕድ ላይ መቀመጥ የምትችሉ ሰዎች ወደፊት ስለሚመጣው ሞት ብላችሁ ዛሬ ተለያይታችሁ ስትበሉ ሳስብ ይከብደኛል።


እማማ_ጉለሌ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ልጄ፣ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ እኔ እየነገርኳት።

ጤነኛ አግቢ ይሉሻል። የኔ ባል ጤነኛ ነበር፣ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ አያውቅም። ጠዋት ፍርፍሩን በልቶ ወጣ፣ ከሰዓት መኪና ገጭቶት አስከሬኑን አመጡልኝ። ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል እንጂ ጤነኛ ታማሚ ብሎ አይለይም። የዚህ ሰው ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ መጻፉ ነው፤ የሌሎቻችን አልተጻፈም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለራስሽ መልሺ። እምቢ አልሽው እንበል። እሱም እሺ ብሎ ሄደ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ጥሩምባ ተነፋ፣ እገሌ አረፈ ተባለ። ለቅሶው ላይ የት ነው የምትቀመጪው? ከእድርተኛው ጋር ዳር ላይ፣ ንፍሮ ቆንጥረሽ፣ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ፣ «በምን ያውቁታል?» ለሚልሽ «ሆስፒታል ተዋውቀን ነበር» እያልሽ? ደረትሽን መምታት አትችዪም። ሰው አያስለቅስሽም። አርባው መቼ እንደሆነ የሚነግርሽ የለም። ውስጥሽ ግን ባልሽ ነው የሞተው።

ስለዚህ ሐዘኑ እንደሆነ አይቀርልሽም ልጄ፣ አንዴ ወደድኩት ብለሻል። እምቢ ብትዪ የሚቀርብሽ አብሮ መኖሩ ነው፤ ቡናው፣ ጭቅጭቁ፣ በዓሉ። ሐዘኑን ከተሸከምሽው አይቀር ከነወጉ ተሸከሚው።


ቀጥታ_ልናገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እማማ፣ ያሉት መልስ የለኝም። እኔ አሁንም ለልጁ እፈራለሁ፣ ያን አልደብቅም። የእናቱ_ልጅ የጻፈው ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁን ጠይቂው የሚለው ትክክል ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመት ትንሽ አይደለም።


ጠበቃው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ስሜቱን ሌሎች ተናግረውታል፣ እኔ አጭር ነገር ልጨምር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሴት ድጋሚ ለማግባት ቀድሞ የነበረው ጋብቻ ከፈረሰ 180 ቀን መቆየት አለባት፤ ያ አልፎሻል። (ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አዳማ ከሆንሽ የኦሮሚያ ቤተሰብ ሕግ ነው የሚመለከትሽ፤ ከመፈራረምሽ በፊት እዚያው ያለ ባለሙያ ጠይቂ።)

የበለጠ የሚያሳስበኝ ንብረቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመጀመሪያ ወራሽ ልጅ ነው፤ ሚስት የጋራ ንብረቱን ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ኑዛዜ ከሌለ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ስለዚህ ካሁኑ ጋብቻ በፊት የልጅሽን የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጪ፣ የእሱ ድርሻና ያንቺ ተለይቶ ይታወቅ፣ ለሁለታችሁም የጋብቻ ውል አዘጋጁ። ይህን ማድረግ አለመተማመን አይደለም። ወደፊት የባለቤትሽ ቤተሰቦች «የልጃችንን ቤት ለሌላ ሰጠች» እንዳይሉ የሚዘጋው ይህ ነው። ፍቅር ባለባቸው ቤቶች መካከል ያየሁት ጠብ አብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው።


የአዳማዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ሌሊት ደጋግሜ አንብቤያችኋለሁ።

እማማ፣ «የት ነው የምትቀመጪው» ያሉኝን ሳነብ ወጥቼ ጓሮ ነው ያለቀስኩት። እምቢ ብል ሁለተኛ ሐዘን የማመልጥ መስሎኝ ነበር የማስበው። እንደማላመልጥ አሁን ገብቶኛል፤ መውደዱ ቀድሞኛል።

ልጄን ጠየቅሁት። ሰውየውን ያውቀዋል፣ አባቱ ማሽን ላይ እያለ ደጅ ኳስ ያጫውተው የነበረ እሱ ነው። ጥቂት ዝም ብሎ «እሱም ማሽን ላይ ይተኛል?» አለኝ። አሁን አይተኛም፣ ወደፊት ግን ሊተኛ ይችላል አልኩት፤ ልዋሸው አልፈለግሁም። «በረዶ የሚሠራው ትሪ አለ አይደል?» አለኝ። ከዚያ የቤት ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ ልጆችዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎት። «በቃኝ» ያለውን ሰው ፈሪ አትበሉት ያሉትን ለእህቴም አነበብኩላት።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ አማቴ። ልጇ ከሞተ ወዲህ ከእኔና ከልጁ ሌላ ሰው የላትም። በየሳምንቱ ቅዳሜ እንሄዳለን። ግድግዳዋ ላይ የሱ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ይህን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ትስማ እላለሁ፣ ግን ፊቷን ሳስበው አፌ ይተሳሰራል። አማት የሆናችሁ እናቶች ምከሩኝ።


እማማ_ጉለሌ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔም ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ምራትም ድሬያለሁ፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

ሰው ይዘሽ አትሂጂ። ሽማግሌ አትላኪባት፣ ይከብዳታል። ልጁንም የዚያን ቀን ተዪው። ብቻሽን ሂጂ፣ ቡናውን አንቺ አፍዪ፣ ሁለተኛው ላይ ንገሪያት። ሦስተኛው ላይ ከሆነ ሳትነጋገሩበት መነሣት ይመጣል። «ፍቀጂልኝ» አትበያት። ፍቀጂልኝ ካልሽ ልጇን አሳልፋ የሰጠች ይመስላታል፣ እናት ያን ከአፏ ማውጣት አትችልም። «እናቴ፣ ከሌላ እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ አንቺ እናትነትሽ አይቀርም፣ ልጁም የልጅሽ ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜያችን አይቀርም» በያት። ካለቀሰች አብረሽ አልቅሺ፣ አታባብያት። ከተቆጣች ዝም በዪ።

ኑኃሚንን አስቢ። የሞተው የራሷ ልጅ ነው፣ ግን ምራቷን ሩትን ወደ ቦዔዝ የላከቻት እሷው ናት፤ የተወለደውንም ልጅ በጭኗ ያሳደገች እሷ ናት። አማት ሁሉ ኑኃሚን አይደለችም። ግን ብዙዎቻችን የምንፈራው ምራታችን ማግባቷን ሳይሆን ልጁ ደጃችንን መርሳቱን ነው። እሱን ካረጋገጥሽላት ቀሪውን ቀን ያስተካክለዋል።

ዛሬ አትሂጂ፣ ገና ራስሽ አልተረጋጋሽም። ቅዳሜ ይሁን።


የአዳማዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሄድኩ እማማ። ሁለተኛው ላይ ነገርኳት።

ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ አብሬያት አለቀስኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጁ ማን ብሎ ነው የሚጠራው?» የሚል ነበር። «ጋሼ ብሎ በስሙ ነው የሚጠራው፣ አባቱ አንድ ነው» አልኳት። ቀጥላ የልጇ ፎቶ ከቤቴ ይነሣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይነሣም አልኳት፣ ሰውየውም አይነሣ ብሏል። እሷ ዘንድ ግን ሰውየው እንዲመጣ ገና አትፈልግም። «እኔ እስክጠራው ይቆይ» አለች። መብቷ ነው። መርቃኛለች ማለት አልችልም፣ አልረገመችኝም ግን። ልጁ ከአሁን በኋላ ቅዳሜ እሷ ዘንድ እንዲያድር ተስማምተናል።

ጠበቃው፣ የወራሽነት ማስረጃውን ማክሰኞ ልጀምር ነው፣ አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎቹ ጾሙ ሲፈታ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመጣሉ። ነርስ_ሐ፣ ግፊቴን ተለካሁ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል አሉኝ፤ ውጤቱን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፣ ከተረኛነት ስትወጪ እይልኝ።